ሦስተኛው ገጽ

ሞላሌ፣ መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደድሽው ልጃችን ለሰርካለም፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአምላክ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ፣ በዚያ ብርድ አገር ጤናሽን ይጠብቅልኝ። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ዘንድሮ ገብሱ ጥሩ ይዟል። በረዶ አንድ ጊዜ መታን፣ እሱም የላይኛውን ማሳ ብቻ ነው። እህቴ ጠጄ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ቤተ ክርስቲያን አልቀረችም፤ ሰላም በልልኝ ብላለች።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ማስተዋል ነው፤ የጠጄ የልጅ ልጅ፣ የዘነበች ልጅ። አንቺ ስትሄጂ ገና ጡት ትጠባ ነበር። አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ አራተኛ ክፍል ገብታለች። ንባብ አያቅታትም፤ ሒሳቡን በቃሏ ትመልሳለች። እርሳስ ስናስይዛት ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። እርሳሱን አንቃ ነው የምትይዘው። ወረቀቱ እስኪቀደድ ትጫናለች፣ ሁለት መስመር ጽፋ እጇን ታሻሻለች፣ ፈተናውን ሳትጨርስ ደወል ይደወልባታል። አስተማሪዋ በዚህ ከቀጠለች ክፍሉን ትደግማለች ብሎኛል። እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት ጠመኔ የያዝኩ፣ አንቺንም ዘነበችንም ያስጻፍኩ ሰው፣ ለዚች ልጅ ዘዴ ጠፋኝ።

ሥራሽ የልጆችን እጅ ጽሕፈት ከሩቅ ሆነሽ በስክሪን መመርመር እንደሆነ እናትሽ ነግራኛለች። ያኔ ስሰማ ስቄ ነበር፤ ይቅር በይኝ። እባክሽ የእኛንም ልጅ እይልን።

ዘነበች ከቤሩት መጻፉን አላቋረጠችም። ሰላም ትላለች።

አጎትሽ ወዳጆ


በርገን፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴና ለመምህሬ ለጋሼ ወዳጆ፣

እንደምን ከረሙልኝ? የእትዬ ጠጄ ጉልበትስ? እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ እያልኩ በያላችሁበት ሰላም እላለሁ። እዚህ ጥቅምትም እንደ ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ አያባራም።

ስለ ሥራዬ መሳቅዎ አያስቀይመኝም፣ እኔም አንዳንዴ ይገርመኛል። ሥራዬ ጽሑፍ ማስዋብ አይደለም። አንድ ልጅ መጻፍ ሲያቅተው ምክንያቱ ዓይኑ ይሁን፣ ጣቱ ይሁን፣ ትከሻው ይሁን ወይስ የሚቀመጥበት ወንበር፣ ያንን መለየት ነው። መኪና በማይደርስበት ደሴት ላይ ላለ ልጅ እናቱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ታስቀምጥለታለች፣ እኔ ቢሮዬ ሆኜ እጁን አያለሁ።

ለማስተዋል መጀመሪያ ሦስት ገጽ እፈልጋለሁ። አንዱን ከመጽሐፍ ትገልብጥ። ሁለተኛውን እርስዎ እያነበቡላት ትጻፍ። ሦስተኛውን ከልቧ፣ የፈለገችውን። ፎቶ አይበቃኝም፤ ዋናውን ወረቀት ላኩልኝ። ምን ያህል እንደምትጫን የማውቀው ጀርባውን በጣቴ ስዳስሰው ነው። ስትጽፍ እግሯ መሬት ይንካ። አደራ፣ እጇን አይያዙላት፣ አያርሙላት። ጋሼ፣ እርስዎን አውቅዎታለሁ።

ዘነበችን ደግሞ ተቀይሜያታለሁ። ስልኳ ከሁለት ዓመት ወዲህ አይነሳም። አንድ ዴስክ ላይ ስድስት ዓመት ተቀምጠን፣ ለእናንተ እየጻፈች ለእኔ አንድ መስመር ትነፍገኛለች? አድራሻዋን ይላኩልኝ።

ልጅዎ ሰርካለም


ሞላሌ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ለሰርካለም፣

ቸሩ አምላክ በሰላም ያቆይሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የዘገየሁት አንድም በአጨዳው፣ አንድም መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ስለከረመ ነው። ወረቀቶቹን አዲስ አበባ ያለው የዘመዳችን የጌጡ ልጅ ቴዎፍሎስ በፖስታ ይልክልሻል።

እግሯ መሬት አልደርስ ስላላት ቁና ገልብጬ ከሥሯ አደረግሁላት። ከመጽሐፍ የገለበጠችው ገጽ ሃያ ስምንት ደቂቃ ፈጀባት። በቃል ያስጻፍኳት ሦስት ቦታ ተቀዷል፤ ሳልጠግን እንዳለ ልኬዋለሁ። ሦስተኛው ገጽም አብሮ አለ። ምንም አልልሽም፤ ያየሽውን ራስሽ ጻፊልኝ። ሦስተኛውን በተለይ ደህና አድርገሽ እይልኝ።

ጠጄ ሐኪም ጋ ሄዳ ነበር። ልቧ ደክሟል፣ ድንገተኛ ነገር አታሰሟት ብሎናል።

አጎትሽ ወዳጆ


በርገን፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለጋሼ ወዳጆ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ወረቀቶቹ ትናንት ደረሱኝ፤ ዛሬ ሥራ ሳልጀምር ነው የምጽፍልዎ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች የማስተዋል ናቸው። ጀርባቸው ላይ ጣቴን ሳሳልፍ እያንዳንዱን ፊደል ዓይኔን ጨፍኜ ማንበብ እችላለሁ፤ ይህን ያህል ነው የተጫነችው። የሚገርመኝ ግን ቅርጹን አልሳተችም። እጁ የታመመ ወይም ዓይኑ የሚያስቸግረው ልጅ እንዲህ አይጽፍም። አንድ ነገር እንዳያመልጠው የሚጠነቀቅ ልጅ ነው እንዲህ የሚጽፈው።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ያዝኳችሁ። ጋሼ፣ እኔን እኮ ነው ለማታለል የሞከራችሁት። ላይና ታቹን በመቀስ ቆርጣችሁ፣ መሐሉን ስለ በጎቹና ስለ ጉልበት ሕመም የሚያወራውን ብቻ ልካችሁልኛል። ይህ የሕፃን እጅ አይደለም፣ የዘነበች ነው። መስመሩ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሽቅብ ይወጣል፣ ልክ ደብተሯን አጣማ ስትጽፍ እርስዎ በማስመሪያ ይመቷት እንደነበረው። አራት ነጥቡን ፈጠን ብላ ሁለት ጭረት ታደርገዋለች። ይህን እጅ በጨለማም አውቀዋለሁ፤ ስንት የቤት ሥራ ከእሱ ላይ ገልብጫለሁ።

መጣች አይደል? ልታስደንቁኝ ብላችሁ ነው የደበቃችሁኝ። ልጇ እንዳታፍር ብላ እሷ ጻፈችላት፤ እናት ናት አልፈርድባትም። ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ የሥራ ባልደረባዬ ምን ሆንሽ ብላኛለች። ትደውልልኝ። ዛሬውኑ ትደውልልኝ።

ልጅዎ ሰርካለም


በርገን፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወዳጆ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። አምስት ሳምንት ሆነ። ስልክ ደወልኩ፣ ኔትወርክ የለም ይለኛል። እናቴን ስለ ዘነበች ጠየቅኳት፣ እሷም የሰማችው እርስዎ የነገሯትን ብቻ ነው።

ያንን ገጽ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ደጋግሜ አየሁት። መጀመሪያ ያላየሁትን አሁን አየሁ። ጀርባው ልሙጥ ነው፣ የጻፈችው እጇን ሳትጫን ነው። ወረቀቱ ግን የቤሩት ወረቀት አይደለም፤ ማስተዋል የጻፈችባቸው ሁለቱ ገጾች የተቀደዱበት ደብተር ነው። መስመሩ አንድ ነው፣ የጠርዙ ቀይ ቀለም አንድ ነው። ዘነበች ካልመጣች በዚህ ደብተር ላይ ማን ጻፈ?

ቅዳሜ መጋቢት 20 ቀን ቴዎፍሎስ በሰጠኝ ቁጥር በቪዲዮ እደውላለሁ። ማስተዋልን አዘጋጁልኝ። እስከዚያው ግን እባክዎ አንድ ቃል ይጻፉልኝ፤ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ሰርካለም


ሞላሌ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰርካለም፣

ሁላችንም ደህና ነን ብዬ የጻፍኩልሽ ሁሉ ውሸት ነው። በአምላክ ስም ይቅር በይኝ። ቁጭ ብለሽ አንብቢ፣ ሰው ከጎንሽ ይኑር።

ዘነበች የለችም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2015 አብራት የምትሠራ አንዲት የግሼ ልጅ ደወለችልኝ። ታማ ሆስፒታል በገባች በአምስተኛው ቀን ዐረፈች፣ እዚያው ተቀበረች አለችኝ። ስልኩን የተቀበልኩት ጠጄ ቤት ጓዳ ቆሜ ነው። ጠጄ ውጪ ገብስ ታሰጣ ነበር። ወጥቼ አየኋት፣ ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አንቺም ታውቂያለሽ። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ካህን ይጠራል፣ ሳይነጋ ደጃፏ ላይ ይቆማል። ለእናት የልጇን ሞት ብቻዬን ገብቼ ልነግራት አልችልም። ገና ይለፍ አልኩ። ቀጥሎ ጥምቀት ይለፍ አልኩ። ጾም ገባ፣ ፋሲካ መጣ፣ ክረምቱ ሆነ፣ ጠጄ ታመመች። አንድ ቀን ያሳደሩት መርዶ እንዲህ ይከብዳል ብሎ ማን ነገረኝ። ይኸው አንቺንም በወረቀት አረዳሁሽ፤ ማልቀሻ ዘመድ በሌለበት።

ይህ ኃጢአቴ ነው። ፍርሃቴ ግን ሌላ ነው። በሞተች በዓመቱ፣ ጥር 2016 ላይ ጠጄ አስጠራችኝ። "ወንድሜ፣ ዘነበች ጻፈች፤ ና አንብብልኝ" አለች። እሷ ማንበብ እንደማትችል ታውቂያለሽ። ወረቀቱን ስዘረጋው ያቺው እጅ። እኔ ያስጻፍኳት እጅ። እናቷን ስለ ጉልበቷ ትጠይቃለች፣ በጎቹን በስማቸው ትጠራለች። ማን አመጣው ስል ከአዲስ አበባ የመጣ መኪና ላይ ለማስተዋል ሰጧት ተባልኩ። ድሮ ደብዳቤዋን ተቀብሎ የሚልክልን ቴዎፍሎስ ነበር፤ ጠየቅኩት፣ ከ2015 ወዲህ አንድም አልደረሰኝም አለ።

ከዚያ ወዲህ ሰባት መጥተዋል። ሰባቱንም የሞተች ልጅ ቃል ለእናቷ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤያለሁ። ሳነብ ማስተዋል አያቷ እግር ሥር ተቀምጣ ታዳምጣለች። ጠበል ገባሁ፣ ለንስሐ አባቴ ግን መናገር አፈርኩ። ልጅቷንም አልጠየቅኋትም። ከጠየቅኋት እናቷ መሞቷን መንገር አለብኝ፤ እሷም ገና አልተረዳችም።

የማስተዋል እጅ እውነት ያስጨንቀኛል። ሦስተኛውን ገጽ ግን እሷ አልሰጠችኝም። ከመጨረሻው ደብዳቤ ላይ ቆርጬ የላክሁልሽ እኔ ነኝ። ዓይኔ አርጅቶ፣ ጸጸቴ አሳስቶኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። አንቺ ደግሞ ሳትጠራጠሪ የዘነበች ነው አልሽኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም መብራት ሳላጠፋ ነው የማድረው።

ደብተሩ አንድ ነው ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ቅዳሜ ልጅቷን እይልኝ። ጠጄ ፊት ግን ምንም እንዳትናገሪ።

ወዳጆ


በርገን፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወዳጆ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎ። እኔንም እንዲያጸናኝ ይጸልዩልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት ሥራ ገብቼ የአንድ የስድስት ዓመት ልጅ እጅ መረመርኩ፤ ምን እንዳየሁ አላስታውስም። እቤቴ ገብቼ ለማን አልቅሼ ለማን ልንገር? ጎረቤቴ ዘነበች የሚባል ስም መጥራት አይችልም።

እርስዎን ልቆጣዎ ብዬ አልቻልኩም። ቅዳሜ ያየሁትን ብቻ ልንገርዎ።

ስልኩን ጣሳ ላይ አስደግፈው እንዲወጡ የጠየቅኩዎ ዘመድ ሲቆምባቸው የልጆች እጅ ስለሚታሰር ነው። ማስተዋል ስሟን ጻፊ ስላት ከንፈሯን ነክሳ ጻፈች፣ ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ወጣ። ከልብሽ አንድ ነገር ጻፊ አልኳት። እርሳሱን ይዛ ወረቀቱን ታያለች። ቆየሁ፤ በሥራዬ ከሁሉ የሚከብደኝ መቆየት ነው። መጨረሻ ላይ እናትሽንና እኔን ጋሼ ወዳጆ ነበሩ ያስተማሩን፣ አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው አልኳት።

ቀና አለች። "እጇን ያውቁታል?" አለችኝ።

አውቀዋለሁ አልኳት።

ወደ በሩ አየች። ከዚያ ደብተሩን አጣመመችው፣ ልክ ዘነበች እንደምታጣምመው። ትከሻዋ ወረደ። ጣቶቿ ተፈቱ። "ይድረስ ለውድ እናቴ፣ እኔ ደህና ነኝ" ብላ ጻፈች፣ መስመሩ ሽቅብ እየወጣ፣ ሳትቆም፣ ሳትጫን። ጋሼ፣ ሃያ ስምንት ደቂቃ የፈጀባትን ያህል በአራት ደቂቃ ጻፈች። እኔ የራሴን ካሜራ አጠፋሁ። እንባዬን እንዳታይ ብቻ አይደለም፤ ፈራሁም። እጁ የሕፃን ነው፣ የሚጽፈው ግን ጓደኛዬ ናት።

ከማን ተማርሽው አልኳት። "ከድሮዎቹ ላይ ነው። አያቴ ሣጥን ውስጥ አሉ፤ ቀጭን ወረቀት ላያቸው ላይ አድርጌ ነበር የምለማመደው" አለች። ለምን ጀመርሽ አልኳት። "አባባ ወዳጆ ጓዳ ቆመው በስልክ ሲነጋገሩ እኔ ከጎታው ጀርባ ነበርኩ" አለች። ከዚያ ልክ እንደ ትልቅ ሰው፣ "ለአያቴ እንዳትነግሩብኝ፤ ልቧ ደካማ ነው" አለችኝ።

እጇን ለምን እንደምታንቀውም ነገረችኝ። ትምህርት ቤት ስጽፍ አንቄ ካልያዝኩት ያ የእማዬ እጅ ይወጣብኛል፣ አስተማሪው አይቶ ለእርስዎ ያሳያል ብላ ትፈራለች። ቀኑን ሙሉ የምትታገለው ከዚህ ጋር ነው።

እንግዲህ ምርመራዬ ይህ ነው። አጥንቷም፣ ጡንቻዋም፣ ዓይኗም ደህና ነው። የምሰጣት ልምምድ የለኝም። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ የእናቷን መርዶ ብቻዋን ይዛለች። ጋሼ ወዳጆ፣ ካህኑን ይጥሩ፣ ዘመድ ይሰብስቡ። ለእትዬ ጠጄም ለማስተዋልም በወጉ ይነገራቸው።

ልጅዎ ሰርካለም


ሞላሌ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርካለም፣

ያጽናናሽ አምላክ ይክበር ይመስገን። ዛሬ ስለ ሁላችን እውነቱን እጽፍልሻለሁ።

ግንቦት 9 ቀን ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ንስሐ አባታችንን፣ ጌጡንና የዘነበችን አክስት አየለችን ይዤ ጠጄ ደጃፍ ቆምኩ። ሐኪሙም መድኃኒቱን ይዞ ከኋላ ነበር። ልናንኳኳ ስንል በሩን ራሷ ከፈተችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። "ግቡ፣ ብርዱ ላይ አትቁሙ" አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። "ቆየህ ወንድሜ" አለችኝ። "እኔስ ደብዳቤዎቹን አንተ ትጽፋቸዋለህ እያልኩ ነበር።"

ሰርካለም፣ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ አውቃ ኖሯል። "ልጄ ሳታማርር ደብዳቤ ጨርሳ አታውቅም" አለች። "እግሬ አበጠ፣ እመቤቷ ጮኸችብኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ ትላለች። እነዚህኞቹ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ብቻ ነው የሚሉት። ልጄ እንደሌለች በዚያ አወቅሁ። ዝም ያልኩት ለዚች ሕፃን ብዬ ነው፤ ሲነበብ እንዴት አድርጋ እንደምታዳምጥ አይተሃታል።" ማስተዋል አልጋው ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር፤ "የጻፍኳቸው እኔ ነኝ" አለች። አያቷ ክንዷን ስትዘረጋላት እቅፏ ውስጥ ገብታ ጮኸች። የሁለት ዓመት ተኩል ለቅሶ ነው ያለቀሱት። እኔም አፍሬ አለቀስኩ። ሦስታችን አንድ ቤት ውስጥ አንዳችን ለአንዳችን ብለን ስንዋሽ ከርመን።

አስከሬን ስለሌለ በፎቶዋና በቀሚሷ ተለቀሰላት። በአርባው ጠጄ "የምሄድበት መቃብር ይኑረኝ" ብላ የድሮዎቹንም የኋለኞቹንም ደብዳቤዎች አንድ ሳታስቀር በሣጥኑ አድርጋ በዘነበች አባት መቃብር አጠገብ አስቀበረች። ንስሐ አባታችንም አልከለከሏትም።

ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። የማስተዋል እጅ ተፈታ። ጽሑፏ አላማረም፣ ፊደሎቹ ይንጋደዳሉ፣ ግን ወረቀት አትቀድም፤ ፈተናዋንም ደወል ሳይደወል ጨርሳ አምስተኛ ክፍል አለፈች። አስተማሪዋ ምን አደረጋችኋት አለኝ። ከሩቅ አገር የሚያይ ዓይን አለን አልኩት። አድነሽናል ልጄ። መብራቱንም አጥፍቼ መተኛት ጀምሬያለሁ።

አጎትሽ ወዳጆ


(ከጋሼ ወዳጆ ደብዳቤ ሥር ታጥፎ የገባ፣ ከደብተር የተቀደደ ገጽ)

ለእትዬ ሰርካለም፣

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አሉ? እኔ ማስተዋል ነኝ። ይህችን ወረቀት አባባ ወዳጆ ፖስታውን ሳያሽጉ ነው የከተትኳት፣ እሳቸው አያውቁም።

እጄ አሁን አያመኝም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አያቴ ከአርባው ወዲህ ደጅ ትቀመጣለች። መኪና ሲመጣ ትነሣለች። ባለፈው እሑድ ማስቲዬ፣ አንድ ብቻ ጻፊልኝ አለችኝ። በዚህኛው እንኳ ታማርር አለችኝ። እሺ ብዬ ደብተሩን አጣምሜ ተቀመጥኩ። የመጣው የእኔ እጅ ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ። የእማዬ ጠፋብኝ። የማይበት ደግሞ የለም፣ ሁሉም ተቀብሯል።

አንድ ገጽ እርስዎ ጋ አለ። ሦስተኛው። አባባ ወዳጆ የቆረጡት። እባክዎ ይላኩልኝ፣ ቀጭን ወረቀት አድርጌበት እለማመዳለሁ። አላጠፋውም፣ እመልሳለሁ።

አያቴ እማዬ መሞቷን ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። ደብዳቤው ግን ዘገየባት።

ማስተዋል